ጨርቅ የሚመስለው ፌስታል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሰፈራችን ሱቆች በፌስታል ፋንታ ቅጠል የተሳለበት አረንጓዴ ቦርሳ እየሸጡልን ነው። ላዩ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ፣ 100% በስባሽ» ይላል። ባለሱቁን ስጠይቀው «ጨርቅ ነው እኮ» አለኝ። እውነት ነው? ካልሆነስ ምን ላድርግ? ቤት የተከማቹትን ልጣላቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ መጠርጠርሽ ልክ ነው። እንዲህ ያለው ቦርሳ አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። አልተሸመነም፤ የፕላስቲኩ ክሮች በሙቀት ተጣብቀው ነው ጨርቅ የመሰሉት። ጠጋ ብለሽ እይው፣ ድርና ማግ የለውም፣ በሙቀት የተጫኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ግን ታያለሽ። ካላመንሽ ከጠርዙ ትንሽ ቆርጠሽ ደጅ ላይ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል። ፕላስቲክ ከሆነ ይኮማተርና ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጠጣር እንክብል ሆኖ ይቀራል። ጭሱን እንዳትስቢው።

«በስባሽ» የሚለው ደግሞ በጣም ያናድደኛል። የት ነው የሚበሰብሰው? በስንት ጊዜ? ማን መረመረው? ኢኤን 13432 የሚባለው የአውሮፓ መስፈርት እንኳ ከዕቃው 90 በመቶው በ6 ወር ውስጥ እንዲበሰብስ የሚጠብቀው 58 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ነው፤ እናንተ ሰፈር ቦይ ውስጥ ይህ ሙቀት ከየት ይመጣል? ኬሚካል የተጨመረበት «ኦክሶ» የሚሉት ፕላስቲክም አለ። እሱ ተሰባብሮ ከዓይን ይሰወራል እንጂ ብናኙ አፈሩ ውስጥ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2021 እ.ኤ.አ. ከገበያ ያስወጣውም ለዚህ ነው።

ባለሱቁን አትጣዪው፣ እሱም የተነገረውን ነው የሚነግርሽ። ተጠያቂው ጽሑፉን ያሳተመው አምራች ወይም አስመጪ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዢው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጥሻል፣ የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበዪ፣ ጽሑፉንና የአምራቹን ስም ፎቶ አንሺ፣ ስም ከሌለውም አለመኖሩን ጻፊ፣ ከዚያ ወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ከብሎካችሁ ሁለት ሦስት ሰው አብሮሽ ቢፈርም ደግሞ በቀላሉ ችላ አይሉሽም።

ቤት የተከማቹትን ቦርሳዎች አትጣያቸው፤ ከተጣሉማ ያው ቆሻሻ ናቸው። እስኪቀደዱ ገበያ ውጪባቸው፣ አዲስ ግን አትግዢ፣ ዘንቢል ካለሽ እሱ ይበልጣል። ስታጥቢያቸው ጥላ ላይ አስጪ፤ ፀሐይ ሲመታቸው ይደርቁና መፈርፈር ይጀምራሉ።