ኤስ9 ልግዛ ወይ ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ፎቶ ላከልኝ። የጫማ ካርቶን የምታክል ግራጫ ሳጥን፣ ከፊትና ከኋላ ፋን የተገጠመላት። «ጋሼ፣ በጣም በርካሽ አገኘኋት፣ ሁለት ልግዛ ወይስ አራት?» ይላል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ አላለም። ሁለት ወይስ አራት! ፎቶውን ሳየው ሳቄ መጣ፤ ማሽኗን በደንብ አውቃታለሁ። አንትማይነር ኤስ9 ትባላለች፤ ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ ለማግኘት ሌት ተቀን ሒሳብ የምትሠራ ማሽን ነች፣ ሥራውን ማይኒንግ ይሉታል። እህቷ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንቴ ውስጥ አቧራ ጠጥታ ተቀምጣለች።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በኤሌክትሪክ ሥራ ነው የኖርኩት፤ መጀመሪያ አገር ቤት፣ ከዚያ እዚህ ሜሪላንድ። ይህን ጥያቄ ነገ ሌላውም ልጅ ይጠይቀኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይሁን።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። እ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ላይ ነው። ቢትኮይን 60 ሺህ ዶላር ገብቶ፣ ሥራ ቦታ ምሳ ሲበላ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኖ ነበር። እኔም «ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ በዚህ ማን ይበልጠኛል» ብዬ አንድ ያገለገለች ኤስ9 በ500 ዶላር ገዛሁ። ማሽኗ በሙሉ አቅሟ እንድትሠራ 220 ቮልት ትፈልጋለች። የአሜሪካ የግድግዳ ሶኬት ደግሞ 120 ነው። እኔ ቤት ለዚያ የሚሆን መስመር ያለው የልብስ ማድረቂያው ጋ ብቻ ነበር። ማድረቂያውን ነቀልኩና እሷን ሰካሁ። ባለቤቴ በዚያ ክረምት ልብስ ገመድ ላይ ስታሰጣ ከረመች፤ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ጩኸቷን ልንገራችሁ? ቫኪዩም ክሊነር አስነስታችሁ ሳታጠፉት ተኙ። እንደዚያ ነው። ሁለት በር ዘግቼ እንኳ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ገቢዋስ? በዚያን ጊዜ በቀን አራት ዶላር ከምናምን ታስገባለች፣ አራት ዶላር ከምናምን መብራት ትበላለች። እኔ ግን የገቢውን ገጽ በቀን አሥር ጊዜ እያየሁ የመብራቱን ቢል በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የማየው። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2022 ኅዳር ገደማ፣ ቢትኮይን ወደ 16 ሺህ ወረደ። ማሽኗ በቀን አንድ ዶላር እንኳ ማስገባት አቃታት። የምትበላው መብራት ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ኤስ9 እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣች ማሽን ነች። በሰከንድ 13.5 ቴራሃሽ ትሠራለች (አንድ ቴራሃሽ አንድ ትሪሊዮን የቁጥር ሙከራ ነው)፣ ወደ 1,350 ዋት ትወስዳለች። ለአንድ ቴራሃሽ 100 ዋት ማለት ነው። በ2020 የወጣው ኤስ19 ፕሮ ለዚሁ ሥራ 30 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ የመጣው ኤስ21 ደግሞ 17.5። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖልና ዛሬ የምትገዙትን ኤልኢዲ አስቡ። ብርሃኑ አንድ ነው፣ ቆጣሪው ላይ ግን አይገናኙም። አምፖሉን በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ ያከስራችኋል።

ብዙ ልጆች የማይገባቸው ሌላው ነገር ደግሞ ይኼ ነው። በየአሥር ደቂቃው አንድ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል እንበል፤ ድፎው ለማሽኖቹ ባለቤቶች የሚሰጠው አዲስ ቢትኮይን ነው። ድፎው በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ያንሳል፤ ሃልቪንግ የሚሉት ነው። በ2020 6.25 ቢትኮይን የነበረው በሚያዝያ 2024 3.125 ሆነ። ዳቦው ሲያንስ በላተኛው ይበዛል። አዲስ ማሽን በገባ ቁጥር ኔትወርኩ፣ ማለትም በዓለም ያሉት ማሽኖች ሁሉ የተያያዙበት መረብ፣ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ የሒሳቡን ክብደት ያስተካክላል፤ ዳቦው ከአሥር ደቂቃ በፊት እንዳይቆረስ። ስለዚህ የእናንተ ማሽን ምንም ሳትበላሽ፣ ልክ እንደ ትናንቱ እየሠራች፣ ድርሻዋ ይቀንሳል።

በ2024 አጋማሽ ኔትወርኩ በሰከንድ 600 ኤግዛሃሽ፣ ማለትም 600 ሚሊዮን ቴራሃሽ፣ ገደማ ነበር። የኤስ9 ድርሻ ከ44 ሚሊዮን አንድ። በቀን ከሚወጣው 450 ቢትኮይን ይህን ብታካፍሉ፣ በጊዜው በነበረው 65 ሺህ ዶላር ዋጋ 65 ሳንቲም ይመጣል። በቀን! መብራቱ ደግሞ 32 ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን። እኔ በምከፍለው ዋጋ ወደ አምስት ዶላር ይጠጋል።

«አገር ቤት መብራት ርካሽ ነው» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እሱንም እንቁጠረው። ቻይና በ2021 ማይኒንግ ስትከለክል ማሽኖቹ በዓለም ተበተኑ፤ ኢትዮጵያም ገቡ። በ2024 መጀመሪያ ላይ በተዘገበው መሠረት 21 ማይነሮች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ነበራቸው፣ 19ኙ ቻይናውያን። ይከፍሉ የነበረው በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነው ተብሏል። በዚህ ዋጋ እንኳ ኤስ9 በቀን አንድ ዶላር መብራት ትበላለች፣ 65 ሳንቲም ታስገባለች። ታዲያ ያቺ ማሽን ለምን በርካሽ ገበያ ወጣች? ሻጩ ስለወደዳችሁ አይደለም። ሒሳብ ያውቃል።

ውል ያላቸው ካምፓኒዎች ከማከፋፈያ ጣቢያ ነው በጅምላ የሚወስዱት። እናንተ ከሰፈር ትራንስፎርመር ነው። ለእናቶቻችን በሚገባ ቋንቋ ልበለው፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል ብንል፣ ሁለት ሰዓት ተጋግሮበት ይጠፋል። ኤስ9 በቀን የምትወስደው ከአራት ጊዜ በላይ እንጀራ እንደመጋገር ነው፣ በየቀኑ፣ ጾም ፍስክ ሳትል። አራቱን ማሽን ባንድ ቤት ስትሰኩ ደግሞ ወደ አምስት ኪሎዋት ተኩል ሌት ተቀን ሊጎተት ነው። በቀጭን ኤክስቴንሽን የሰካት ልጅ አውቃለሁ፤ ሶኬቱ ቀልጦ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አገኘው። እሳት ያልተነሳው በእግዜር ቸርነት ነው። ምጣድ ሲጋል ሰው አጠገቡ አለ። ይቺን ግን ሰክታችሁ ሥራ ትሄዳላችሁ። ስለ መብራት መሥመራችሁ ሌላ ነገር ባትሰሙኝ ይህን ስሙኝ፦ ቀኑን ሙሉ የሚጎትት ነገር የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ወፈር ያለ ሽቦ ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ሲመጣም ፓወር ሰፕላዩ ነው መጀመሪያ የሚሞተው።

የሕጉንም ነገር ችላ አትበሉ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በ2022 በዚህ ሥራ ያሉትን እንዲመዘገቡ ጠርቷል። ብሔራዊ ባንክም መገበያያው ብር ብቻ ነው ብሏል። «ማን ያየኛል» የሚለው ልጅ ጩኸቷን አልሰማትም ማለት ነው፤ ጎረቤት ነው መጀመሪያ የሚያየው።

«እድሌን ልሞክር፣ አንድ ብሎክ ብቻዬን ካገኘሁ አለቀ» የሚሉም አሉ፤ ብሎክ ማግኘት ማለት አንዱን ድፎ ሳይካፈሉ መውሰድ ነው። ከ44 ሚሊዮን አንድ ያልኳችሁን አትርሱ። በዚያ ሒሳብ አንዲት ኤስ9 ብሎክ የምታገኘው በአማካይ ከ800 ዓመት በላይ ቆይታ አንዴ ነው። ሎተሪ ከፈለጋችሁ ሎተሪ ቁረጡ፣ እሱ ቢያንስ አይጮኽም።

ፍርድ እንዳላጓድል ግን፣ ሁለት ቦታ ላይ ማሽኗ ዋጋ አላት። አንደኛው ብርድ አገር ነው። የምትወስደው መብራት ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ በኤሌክትሪክ ሂተር የሚያሞቅ ሰው ከሆናችሁ ያው መብራት ነው የሚወጣው፣ ሳንቲሟ ትርፍ ነች። እኔም በጥር ቤዝመንቱን አሙቄባታለሁ። በሐምሌ ግን ኤሲው እሷ ያወጣችውን ሙቀት ለመግፋት ሌላ መብራት ይበላል። ለአዲስ አበባ ይህ አይሠራም፤ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ሁለተኛው ትምህርት ነው፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የከሰርኩትን ያካካስኩት በዚህ ነው። ኤስ9 ውስጥ ሦስት ቦርድ አለ፣ በእያንዳንዱ ላይ 63 ቺፕ። የማሽኗን ገጽ ስትከፍቱ ቺፖቹ በኦ ፊደል ተደርድረው ይታያሉ፤ የሞተው ኤክስ ሆኖ ይመጣል። አንድ ሌሊት አንደኛው ቦርድ እንዳለ ጠፋ። ጠዋት ፈታኋት። ከቦርዱ ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው ገመድ ላላ ብሎ ነበር። ነቅዬ ስሰካው፣ 63ቱም ኦ መልሰው ተሰለፉ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ የአንድ ወር ገቢዋን ያስንቃል። ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ ልጆች ካላችሁ፣ የተበላሸች አንዲት ማሽን በቁራጭ ዋጋ ገዝታችሁ፣ ሙልቲሜትር ይዛችሁ ብትፈቷት አልቃወምም። አንዲት ነው ያልኩት። ስትገዙም ፎቶ አይበቃም፤ ስትሠራ እዩ። ሦስቱም ቦርድ ይታይ። 13.5 ፈንታ 9 ካሳየች አንዱ ቦርድ የለም። የመብራት ገመዶቹ ጫፍ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ከሆነ ዞር በሉ። ደግሞ ቺፖቹ ለዚህ አንድ ሥራ ብቻ ነው የተሠሩት፤ ኮምፒውተር ላይ ልሰካቸው ብትሉ አይሆንም። ስትከስሩ ማሽኗን የሚገዛችሁ ሰው እንደ እናንተ ያልቆጠረ ሰው ብቻ ነው፤ ለሱም ማዘን አለ።

ይህን ሁሉ በድምፅ ቀድቼ ለእህቴ ልጅ ላክሁለት። አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። ትናንት መለሰልኝ። «እሺ ጋሼ፣ ተውኳት። ግን አንድ ጓደኛዬ ለኢቴሪየም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ በርካሽ…»

ኢቴሪየም፣ ያ ሌላው የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ከመስከረም 2022 ወዲህ ማይን አይደረግም፣ ልጄ። ካርዱ ጌም ላይ የሚሠራ ከሆነ ለጌም ግዛው። ያውም ካየኸው በኋላ።