በአርክቴክቸርና ምህንድስና አማካሪ ድርጅቶች ውስጥ የማርኬቲንግ ሙያ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እስካሁን የሠራሁት የሸቀጥ ማስታወቂያ ነው። አማካሪ ድርጅት ብገባ ሥራው ምን ይመስላል?

መልስ፦ ማስታወቂያ እዚህ ትንሹ ክፍል ነው። አሠሪው፣ ማለትም ግንባታውን የሚያሠራው ደንበኛ፣ ውል ሲፈርም ሕንፃው ገና የለም፤ የሚገዛው የባለሙያዎቹን ችሎታ፣ የድርጅቱን ልምድና አሠራሩን ነው። ስለዚህ አብዛኛው ቀንህ የሚያልፈው የጨረታ ጥሪ በማንበብ፣ የፍላጎት መግለጫ (ድርጅቱ ለመወዳደር መፈለጉን የሚያሳውቅበት ሰነድ) እና ቴክኒካል ፕሮፖዛል (ሥራውን እንዴትና በማን እንደሚሠራ የሚያሳይ፣ ዋጋ የሌለበት ሰነድ) በማዘጋጀት፣ ሲቪ በማደስና የተጠናቀቁ ፕሮጀክቶችን መረጃ በማሰባሰብ ነው። ገዢዎቹም ጥቂት ናቸው። ሃያ አሠሪዎችን በቅርበት ማወቅ፣ ማለትም የቀጣይ ዓመት ዕቅዳቸውን፣ በጀታቸውንና ውሳኔ የሚሰጠውን ሰው ማወቅ፣ ሺዎች ከሚያዩት ማስታወቂያ የበለጠ ሥራ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ምህንድስና አልተማርኩም። ባለሙያዎቹ ይሰሙኛል?

መልስ፦ ይሰሙሻል እህቴ፣ ቋንቋቸውን ካወቅሽ። ስሌት አይጠበቅብሽም። ነገር ግን ፅንሰ ሐሳብ ዲዛይን፣ ቅድመ ዲዛይን፣ ዝርዝር ዲዛይን፣ የጨረታ ሰነድ ዝግጅት፣ የግንባታ ቁጥጥርና የውል አስተዳደር በምን እንደሚለያዩ ማወቅ ግዴታ ነው። የአንድ የተጠናቀቀ ፕሮጀክት ሙሉ ሥዕል ለምነሽ ከሳይት ፕላኑ ጀምረሽ ገጽ በገጽ ተመልከቺ፤ ያልገባሽን ጠይቂ። የሳይት ጉብኝት ሲኖር አብረሽ ሂጂ። ባለሙያ ፊቱን የሚያዞረው ድርጅቱ ቁጥጥር ብቻ የሠራበትን ሥራ “ገነባነው” ብለሽ ስትጽፊ ነው። የሚገነባው ሥራ ተቋራጩ ነው፤ አማካሪው ይነድፋል፣ ይቆጣጠራል። ገምጋሚውም ይህን ስህተት በአንድ እይታ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ገና ሥራ ጀመርኩ። የፕሮጀክቶቹ መረጃ በየሰው ኮምፒውተር ተበታትኗል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቅከው። በአዲስ ድርጅት ውስጥ መጀመሪያ መሠራት ያለበት ይኸው ነው። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግህም፤ ኤክሴል ክፈትና ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ረድፍ ስጥ። የፕሮጀክቱ ስም፣ ቦታ፣ አሠሪ፣ የወለል ስፋት በካሬ ሜትር ወይም የመንገድ ርዝመት በኪሎ ሜትር፣ የግንባታው ዋጋ፣ የአማካሪነት ክፍያው፣ የተጀመረበትና የተጠናቀቀበት ዓመት፣ የተሰጠው አገልግሎት፣ ድርጅቱ መሪ ነበር ወይስ አጋር፣ ማን በምን ኃላፊነት ሠራ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ አለ ወይስ የለም፣ እውነቱን የሚመሰክር የአሠሪው ተወካይ ማን ነው።

ብዙ ጨረታዎች ያለፉትን 5 ወይም 10 ዓመታት ልምድ ስለሚጠይቁ ከቅርቦቹ ጀምር። ዋጋና ስፋት ከውሉና ከመጨረሻው ክፍያ ሰነድ ይወሰድ እንጂ ከሰው ትዝታ አይወሰድ። በአንዱ ፕሮፖዛል 12,000፣ በሌላው 14,500 ካሬ ሜትር ከተጻፈ ሁለቱንም የሚያነብ ገምጋሚ አንዱንም አያምንም።

ሁለት ነገር በደንብ ያዝ። የአፈጻጸም ደብዳቤ የፕሮጀክቱ ርክክብ በተፈጸመበት ወር ይጠየቅ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚፈርመው ኃላፊ ተቀይሮ ታገኛለህ። ፎቶግራፍ ሲነሳ ደግሞ ለምን ለምን መጠቀም እንደሚቻል ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ክፍያ መክፈል ብቻውን የባለቤትነት መብቱን ላያስተላልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለቴክኒካል ፕሮፖዛል 21 ቀን ይሰጠናል፣ ሁልጊዜ ግን የመጨረሻዋ ሌሊት ላይ እንንጫጫለን። ቀኑን እንዴት ልከፋፍል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ቀን ሰነዱን ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቢ፣ የውል ረቂቁን ጨምሮ። “ማቅረብ አለበት” የሚለውን ሁሉ አውጥተሽ ሠንጠረዥ ሥሪ፦ ምን ተጠየቀ፣ በየትኛው ገጽ፣ ስንት ነጥብ አለው፣ ማን ያዘጋጀዋል፣ መቼ ይደርሳል። በ2ኛው ቀን እንወዳደር ወይስ እንተወው የሚለው ይወሰን። በ3ኛው የፕሮጀክት መሪው ባለበት ስብሰባ ሥራ ይከፋፈል። ማብራሪያ የሚጠየቅበት ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያልፋልና ጥያቄዎቹን በመጀመሪያው ሳምንት ላኪ። በ10ኛው ቀን ሙሉ ረቂቅ፣ በ14ኛው ረቂቁን ያልጻፈ ሰው የግምገማ መስፈርቱን ይዞ ነጥብ ይስጥበት። ከ17ኛው ቀን በኋላ አዲስ ጽሑፍ አይጨመር። የቀሩት ለአራሚ፣ ለኅትመት፣ ለፊርማና ለማኅተም ናቸው፤ ሰነዱ ከቀነ ገደቡ አንድ ቀን ቀድሞ ይግባ።

ገጽ ሲከፋፈል ነጥቡን ተከተዪ። ሥነ ዘዴው (ሥራውን የምትሠሩበት አካሄድ) 40 ነጥብ ይዞ የድርጅቱ ታሪክ 10 ብቻ ከሆነ፣ ለታሪኩ 15 ገጽ ለሥነ ዘዴው 6 ገጽ መስጠት ነጥብን መጣል ነው።

ከውድድር የሚያስወጡት ደግሞ ጥቃቅን የሚመስሉት ናቸው፦ ባለሙያው ያልፈረመበት ሲቪ፣ ያለፈበት ፈቃድ፣ ከገጽ ገደብ ማለፍ፣ ከሌላ ፕሮፖዛል ተገልብጦ የቀረ የሌላ አሠሪ ስም። ከሁሉ የከፋው፣ ዋጋ ለብቻው በሌላ ፖስታ መቅረብ ሲገባው በቴክኒካል ፖስታው ውስጥ መገኘቱ ነው። ዋጋ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ በአባሪ ውስጥ ተረስቶ ሙሉ ፕሮፖዛል ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ አይደለም ወይ? ይህን ሁሉ ለምን እንለፋለን?

መልስ፦ የመምረጫ ዘዴውን አስቀድመህ አንብብ። የዓለም ባንክ ገንዘብ በሚሰጥባቸው የማማከር ግዥዎች የተለመደው በጥራትና በዋጋ መምረጥ ነው። ቴክኒካሉ 80 በመቶ፣ ዋጋው 20 በመቶ ይይዛል እንበል፤ ዝቅተኛው ዋጋ 100 ነጥብ ያገኛል፣ ሌሎቹ ደግሞ ዝቅተኛው ዋጋ ለራሳቸው ዋጋ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የሚወጣውን። ድርጅት “ሀ” በቴክኒካል 90 አግኝቶ 12 ሚሊዮን ጠየቀ፣ ድርጅት “ለ” 80 አግኝቶ 10 ሚሊዮን ጠየቀ። “ሀ” 72 ሲደመር 16.67፣ በድምሩ 88.67፤ “ለ” 64 ሲደመር 20፣ በድምሩ 84 ይሆናል። በ20 በመቶ የተወደደው አሸነፈ። ክፍፍሉ 50 በ50 ቢሆን “ሀ” 86.67፣ “ለ” 90 ሆኖ ውጤቱ ይገለበጣል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ግዥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የብሩክስ ሕግ መሠረት አማካሪ መጀመሪያ በብቃት ይመረጣል፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ በድርድር ይወሰናል።

ጥያቄ፦ አለቆቼ በሁሉም ጨረታ እንግባ ይላሉ። እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ በሰዓት አሳያቸው። አንድ ፕሮፖዛል 120 የሰው ሰዓት ከፈጀና ከአምስት አንዱን ካሸነፋችሁ፣ አንድ ሥራ ለማግኘት የወጣው 600 ሰዓት ነው። ደካማዎቹን ትታችሁ ከሦስት አንዱን ብታሸንፉ 360 ይሆናል። ከዚያ አምስት ጥያቄ የያዘ አንድ ገጽ አቅርብ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5፦ ጥሪው ከመውጣቱ በፊት አሠሪውን እናውቀዋለን? ተመሳሳይ ሥራ በማስረጃ አለን? የምናቀርባቸው ሰዎች በዚያ ጊዜ ነፃ ናቸው? ክፍያው ወጪውን ይሸፍናል? ተወዳዳሪዎቹ እነማን ናቸው? የመጀመሪያው 0 ከሆነ ሌላው ሁሉ ከፍ ቢልም እኔ አልገባም። ጥሪውን በጋዜጣ ሲያዩ የሚነሱ ድርጅቶች ለወራት ከአሠሪው ጋር ሲነጋገሩ ከቆዩት ጋር ነው የሚፎካከሩት።

ጥያቄ፦ መሐንዲሶቹ ጽሑፍ አይሰጡኝም፤ ቢሰጡኝም “ሰፊ ልምድ ያለው ድርጅት” ብቻ ነው።

መልስ፦ ጻፉልኝ አትበያቸው፣ ጠይቂያቸው። 15 ደቂቃ፣ ድምፅ መቅጃና ሦስት ጥያቄ ይበቃሉ፦ አስቸጋሪው ምን ነበር? ምን አማራጮች ነበሩ? የመረጣችሁት ምን ለወጠ? እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይወጣልሻል፦ “የከርሰ ምድር ውኃው ከቤዝመንቱ ወለል በ2 ሜትር ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ቁፋሮው ሳይጀመር የውኃ ማስወገጃና የውኃ መከላከያ ዲዛይኑ ተከልሶ ለሥራ ተቋራጩ ተሰጠ።” ገምጋሚው ይህን ሲያነብ የራሱን ሳይት ያስባል። ጽሑፉን መልሰሽ ለመሐንዲሱ አሳዪው፤ ስህተት ሲያይ በደስታ ነው የሚያርመው።

ጥያቄ፦ የሙያ እርከኑና የምስክር ወረቀቱስ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ከፕሮፖዛል አስተባባሪነት ተጀምሮ ወደ ማርኬቲንግ ኃላፊነት፣ ከዚያም ወደ ቢዝነስ ልማት ወይም ወደ ዳይሬክተርነት ይኬዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የሙያው ማኅበር፣ ኤስኤምፒኤስ፣ ሲፒኤስኤም የተባለ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ፕሮፖዛል ላይ ብቻ ለሚያተኩር የፕሮፖዛል ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ኤፒኤምፒ አለ። ከሁለቱም በፊት ኢንዲዛይን የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር በደንብ ቻሉ፤ ቅጥር ላይ ወዲያው የሚታየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስንሸነፍ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውጤቱ በተገለጸ በሳምንት ውስጥ ማብራሪያ በትሕትና ጠይቅ። ውሳኔውን አትከራከር። በየመስፈርቱ ስንት አገኘን፣ አሸናፊው በየትኛው በለጠን፣ ግልጽ ያልሆነላችሁ የቱ ነበር በል። መልሱን በኤክሴል ላይ ከጨረታው ስም ጎን መዝግብ። በአሥር ጨረታ ውስጥ “የቡድን መሪው ተመሳሳይ ልምድ” ሦስት ጊዜ ነጥብ ካስቀነሰ ችግሩ የጽሑፍ አይደለም። ያን ልምድ ያለው ሰው መቅጠር ወይም ካለው ድርጅት ጋር በአጋርነት መግባት ያስፈልጋል፤ ለአለቆችህም ይዘህ የምትገባው ያንን መዝገብ ነው።