የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወፏ ካልበረረች አልተረበሸችም?

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጀልባ እነዳለሁ። እንግዶች ፊላው ውስጥ የተቀመጠች ወፍ ሲያዩ «ጠጋ በልልን፣ ፎቶ እናንሳ» ይሉኛል። አንዳንዷ ወፍ ሦስት ሜትር እስክንቀርባት ድረስ ንቅንቅ አትልም። ካልበረረች ምን ጉዳት አለው? ካለውስ ስንት ሜትር ልራቅ?

መልስ፦ ጉዳት አለው፤ ንቅንቅ አለማለቷ ብዙ ሰው ያሳስታል። እንቁላል የታቀፈች ወፍ ብትነሳ እንቁላሏ ይጋለጣል፣ ብትቆይ ራሷ ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ ሰው አጠገቧ እስኪደርስ ጨክና ትቀመጣለች። በፔንግዊን ጎጆ ውስጥ የልብ ምት የሚለካ ሰው ሠራሽ እንቁላል አስገብተው ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ወፏ ከውጭ ሲያዩዋት ዝም ብላ ሳለ ሰው ሲጠጋት ልቧ በኃይል እንደሚመታ ደርሰውበታል። የእርስዎም ወፍ ዝም ያለችው ተመችቷት አይደለም።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ስትነሳ ነው፤ እሱም በደቂቃ ይቆጠራል። ጽንሱ የሚያድገው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለጥቂት ጊዜ ቢቀዘቅዝ ይቋቋማል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲግል ግን ቶሎ ይሞታል። የሀዋሳን የቀትር ፀሐይ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። የወፏ ሰውነት ለእንቁላሉ ምድጃም ጥላም ነው፤ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላው ከሙቀቱ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ሌላው ደግሞ ሌባው ነው። ቁራ፣ አባ ኮዳ፣ ጦጣና አርጃኖ የተከፈተ ጎጆ ለማግኘት ሩብ ሰዓት እንኳ አያስፈልጋቸውም። ቁራ ደግሞ ወፍ ብድግ ስትል ማየትን ለምዷል፤ ከየት እንደተነሳች አይቶ ይመጣል።

አንድ ነገር ልብ ብለው ይዩ። ዳክዬ የምትመስለው ትንሿ ጠላቂ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ የበሰበሰ ሣር ክምር ላይ ነው። ለመሄድ ስትነሳ እርጥቡን ሣር በምንቃሯ ጎተት ጎተት አድርጋ እንቁላሎቿን ትሸፍንና ወደ ውሃው ትገባለች። ሥራው የጥቂት ሰከንድ ነው። ጀልባ ድንገት ሲደርስባት ግን ያቺን ጥቂት ሰከንድ አታገኝም፤ ሳትሸፍን ትጠልቃለች፣ እንቁላሎቹም ከሩቅ እየታዩ ይቀራሉ።

ርቀቱን በተመለከተ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት ዛፍ ላይ ተሰብስበው ለሚፈለፍሉ እንደ ሳቢሳና ሽመላ ላሉ ወፎች 100 ሜትር፣ መሬት ላይ ለሚፈለፍሉ የባሕር ወፎች ደግሞ 180 ሜትር ያህል እንዲጠበቅ ተመክሯል። ለሀዋሳም ብዙ ጎጆ ያለበት ዛፍ ከሆነ 100 ሜትር ይራቁ፤ ፊላ ውስጥ ለብቻዋ ያለች ወፍ ከሆነች ከ50 ሜትር አይጠጉ። ሜትር መያዝ አያስፈልግዎትም። ክንድዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፤ ዳር ላይ የቆመ ሰው ቁመቱ የአውራ ጣትዎን ስፋት ካከለ 50 ሜትር ገደማ ነዎት፣ የትንሿን ጣት ጥፍር ስፋት ካከለ ደግሞ ወደ 100 ሜትር።

አቀራረቡም ከርቀቱ አያንስም። ፊት ለፊት አይሂዱባት፤ በጎን እያለፉ ይዩአት። ፊላው ሳይደርሱ ገና በሩቁ ሞተሩን ዝቅ ያድርጉ፤ ሞገዱ ተንሳፋፊ ጎጆን ይገለብጣል፣ ባይገለብጠው እንኳ እንቁላሉን ያረጥበዋል። ድምፁ እኩል ይሁን፤ አጠገቧ ደርሶ ሞተር ማጥፋትና መልሶ ማስነሳት ይበልጥ ያስደነግጣታል። እንግዶቹም ይቀመጡ፤ ብድግ ያለ ሰው ከጀልባዋ ይልቅ ያስፈራታል። አንገቷን ቀጥ አድርጋ ከተመለከተችዎት፣ ላባዋን ማበጠር ካቆመች ወይም ከፊል ብድግ ካለች ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይበሉ። እስክትበር መጠበቅ የለብዎትም።

አሥር ጀልባ አንድ ጎጆ ጋ አምስት አምስት ደቂቃ ቢቆም ለወፏ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል፤ እያንዳንዱ ጀልባ ነጂ ግን «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» ይላል። ስለዚህ ከማኅበር ጓደኞችዎ ጋር ተነጋግራችሁ ጎጆ ያለበትን ቦታ ለሁላችሁም ክልክል ብታደርጉት ነው የሚጠቅመው። ለእንግዶቹ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ጀልባው ላይ ይኑርዎት፤ 100 ሜትር ላይ ያለችው ወፍ 12 ሜትር ላይ ያለች ትመስላቸዋለች።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ክበብ ተማሪዎችን ይዞ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የፔሊካን ጎጆ ለማሳየት አስቧል። ምን ዓይነት ጥንቃቄ እናድርግ?

መልስ፦ ደሴቱ ላይ አትውረዱ። ይህን የምንለው በአጉል ጥብቅነት አይደለም፤ የሻላ ደሴት በምሥራቅ አፍሪካ ከታወቁት የነጭ ፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ነው። ፔሊካን መሬት ላይ ተጠጋግቶ ይፈለፍላል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፣ አንድ ወር ገደማ ይታቀፋል፣ ጫጩቱ ለመብረር ደግሞ ከሁለት ወር በላይ ይፈልጋል። ሰው ሲወርድ ትልልቆቹ ባንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ ሲነሱ በሰፊ እግራቸው እንቁላሉን ያንከባልሉታል። ገና ላባ ያላወጣው ጫጩት ፀሐይ ላይ ይቀራል፤ ከፍ ከፍ ያሉት ተደናግጠው አንድ ጥግ ላይ ይከመሩና እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። በተለይ ገና እንቁላል መጣል የጀመሩበት ጊዜ ከሆነ ጎጆውን ጥለው እስከመጨረሻው ሊሄዱ ይችላሉ። ሻላ ውስጥ ዓሣ እምብዛም ስለሌለ ወላጆቹ ምግብ የሚያመጡት ከሌላ ሐይቅ በርረው ነው፤ በድካም ተመልሰው ሰው ጎጆው ላይ ሲያገኙ መጉላላቱ እጥፍ ነው። ሐይቁ ራሱም እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ልጆች ይዞ የሚቀለድበት አይደለም።

ተማሪዎቹን ሀዋሳ ያለው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውሰዷቸው። እዚያ ያሉት አባ ኮዳና ፔሊካን ከሰው ጋር የተላመዱ ናቸው፤ የመጡትም ለምግብ ነው። አሥር ወፍ ምረጡና በየሁለት ደቂቃው ስንቶቹ አንገታቸውን እንዳቀኑ ይቁጠሩ። ውሻ ሲያልፍ፣ ልጅ ሲሮጥ፣ ጀልባ ሲገባ ቁጥሩ እንዴት እንደሚለወጥ ይመዝግቡ። ስለ መረበሽ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም፤ ጎጆም አይነካም።

ጥያቄ፦ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ሐይቁ ዳር ድሮን ሳስነሳ ከዛፎቹ ላይ ወፎች ግር ብለው ይወጣሉ። ድሮኑ እኮ አይነካቸውም።

መልስ፦ መንካት አያስፈልገውም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦልሳ ቺካ በሚባል ጥብቅ ሥፍራ አንድ ድሮን የባሕር ወፎች መፈልፈያ ላይ ወድቆ፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ወፎች ከ1,500 ያላነሰ እንቁላል ጥለው ሄደዋል፤ አልተመለሱም። ለወፍ ከላይ የሚመጣ ነገር ንስር ነው። ጎጆ ካለባቸው ዛፎች ቢያንስ 100 ሜትር ርቀህ አስነሳ፤ በዛፎቹ አናት ላይ አታሳልፈው፣ በተለይም ወደ እነሱ ቀጥ አድርገህ አታውርደው። ወፎቹ ከተነሱ ቀረጻውን ተውና ድሮኑን በመጣበት አቅጣጫ መልሰው። ለሙሽሮቹ የሐይቁን ስፋት ከውሃው በኩል ማሳየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ ከሐይቁ ዳር ቄጠማ እናጭዳለን። ጎጆ እንዳናበላሽ ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመስከረም መጀመሪያ ውሃው ሙሉ ነው፤ ብዙ የውሃ ወፍም የሚፈለፍለው በዝናቡ ወራትና ተከትሎ ነው። ከማጨዳችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ እዩ። ወፍ ሣር ወይም ምግብ ይዛ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ከገባች ጎጆ አለ፤ ዙሪያውን 20 ሜትር ተዉት። ቄጠማው ከዋናው የሐይቁ ውሃ ጋር የሚዋሰንበትን ጠርዝ አትንኩት፤ ሞገዱን የሚያበርደው እሱ ነው። ወደ ጎጆው የሚያደርስ መንገድም አትክፈቱ፤ ውሻና አርጃኖ የሚገቡት በተከፈተው መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር እግሯ ረጅም የሆነ ጫጩት አግኝቼ ቤት አመጣሁ። ሰው ስለነካት እናቷ አትቀበላትም አሉኝ። ምን ላብላት? — የስድስተኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚባለው እውነት አይደለም። ዛሬውኑ ካገኘሃት ቦታ መልሳት። ጸጉር የመሰለ ላባ ካላትና በእግሯ የምትሮጥ ከሆነች ከጎጆ የወጣችው ወድቃ አይደለም፤ እንዲህ ያሉት ጫጩቶች ከተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆዩ ይራመዳሉ፣ ወላጆቻቸውም አጠገባቸው ተደብቀው ይጠብቃሉ። በውሃ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመደው ባለ ረጅም ጣቱ ጃካና ከሆነ የሚጠብቃት አባቷ ነው፤ የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም እሱ ነው፣ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር አቅፎ ይሸሻል። ቄጠማ ጥላ ሥር አስቀምጣትና 50 ሜትር ርቀህ ተቀመጥ፤ አንተ ካልራቅክ አይመጣም። ዳቦም ወተትም አትስጣት፤ ውሃም በአፏ አታፍስስባት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።