«ኮራሁብህ» ማለት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ሲመረቅ ዘመድ በተሰበሰበበት «ኮራሁብህ ልጄ» አልኩት። አንድ የቤተሰባችን ሰው እዚያው «መጽሐፉ ኩሩ መንፈስ ውድቀትን ይቀድማል ይላል፤ ደስ አለኝ በይ» ብሎ አረመኝ። ኩራትና ትዕቢት አንድ ናቸው እንዴ? ልጄ ደግሞ «ራሱን የሚያዋርድ ከፍ ይላል» የሚለውን ሰምቶ «ለምን ብዬ ራሴን አዋርዳለሁ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። «ኮራሁብህ» ማለትዎ ምንም ነውር የለበትም። ዘመድዎም ግን ከሜዳ ተነስተው አልተናገሩም። ምሳሌ 16፥18 በቀድሞው ትርጉም «ትዕቢት ጥፋትን ይቀድማል፥ ኩሩ መንፈስም ውድቀትን» ይላል። ሁለቱ ቃላት እዚህ ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ጥፋት ተከሰዋል። ዕብራይስጡ በ«ኩሩ መንፈስ» ቦታ ያስቀመጠው ቃል በቃል ሲፈታ «የመንፈስ ከፍታ» ነው። ሰውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚያየው ዓይነት ማለት ነው፤ ሁላችንም አንድ ሁለት እናውቃለን።

ትዕቢት ከግእዝ «ዐብየ» የመጣ ነው፣ ትልቅ ሆነ ማለት። ዐቢይ ጾም፣ ዐቢይ ኮሚቴ ስንል ያለው «ዐቢይ» ወንድሙ ነው። ታበየ ማለት እንግዲህ ራሱን በራሱ ትልቅ አደረገ ነው። ይህ ቃል በአማርኛ አንድም ቀን ተመስግኖ አያውቅም። «በአገሬ እኮራለሁ» የሚል ሞልቷል፤ «በአገሬ እታበያለሁ» የሚል ሰምተው ያውቃሉ?

ኩራት ግን እንደ ቤቱ ነው። «ኩሩ ሕዝብ» ሙገሳ ነው። እንጀራ ቀርቦ «በልቻለሁ» ካሉ ደግሞ «አይኩሩ እንጂ፣ ይቅመሱ» ይባላሉ። ሁለት ወር ሳይደውሉ ከቆዩ «ምነው ኮራሽብን?» ይመጣል። ይኼኛው ስድብ አይደለም፣ ናፍቆት ያለበት ወቀሳ ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ያቺ ትንሽ «ብ» ናት። «አባቴ ኮራብኝ» ብል አንዱ ሰሚ አባቴ በእኔ ደስ ብሎት ደረቱን እንደነፋ ይረዳል፤ ሌላው ግን ዘጋኝ፣ ሰላምታ ነሳኝ ማለቴ ይመስለዋል። በመጀመሪያው «ብ» የኩራቱን ምክንያት ታሳያለች፣ በሁለተኛው ኩራቱ ያረፈበትን ምስኪን። የእርስዎ «ኮራሁብህ» የቱ እንደሆነ የምረቃው ድግስ ራሱ ይመሰክራል። ታበየን እዚህ ቢያስገቡት ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ «ታበየብኝ» ያለ ሰው ተበድሏል።

መጽሐፉም ቢሆን በእንዲህ ያለ ቃል ላይ በጅምላ አይፈርድም። «ተመካ»ን ይዩት። ትምክህት ስንል ክፉ ነገር ነው፤ ጳውሎስ ግን 1 ቆሮንቶስ 1፥31 ላይ የሚመካ በጌታ ይመካ ይላል። ዋናው ነገር ከ«በ» ቀጥሎ የሚመጣው ነው። (በነገራችን ላይ የትዕቢተኛ ሰው የሰፈር ስሙ «ጥጋበኛ» ነው። ሙሴም ዘዳግም 8 ላይ ሕዝቡን ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፤ በልታችሁ ስትጠግቡ፣ መልካም ቤት ሠርታችሁ ስትቀመጡ ልባችሁ እንዳይነፋ።)

«ደስ አለኝ» ይበቃ ነበር? አይመስለኝም። ዝናብ ሲያባራም ደስ ይለናል።

ወደ ልጅዎ ጥያቄ ስመጣ፣ ልክ ነው፤ በዛሬ አማርኛ ራሱን አዋረደ ማለት ክብሩን ጣለ ነው። የሉቃስ 14፥11 «ራሱን የሚያዋርድ» ግን የድሮ ስሜቱን እንደያዘ ነው። ነገሩ የተነገረው በአንድ ፈሪሳዊ ቤት ምግብ ተጠርተው የክብር ወንበር ለሚሻሙ ሰዎች ነበር። ሠርግ ስትጠራ ሄደህ ታች ተቀመጥ፣ ጋባዡ ራሱ ወደ ላይ ና ይበልህ ነው ነገሩ። ቀድመህ ላይ ከተቀመጥክ ግን ተነስ ትባላለህ። ትሕትናም ከዚሁ ነው፤ «ታሕት» ታች ማለት ነው፣ በትግራይ ላዕላይ ማይጨውና ታሕታይ ማይጨው እንደሚባለው። ዛሬ ግን «በትሕትና እንጠይቃለን» የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ተለጥፎ ቃሉ የጨዋ ንግግር ስም ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረው። አዲሱ መደበኛ ትርጉም «ራሱን ዝቅ የሚያደርግ» ስለሚል ለልጅዎ እሱን ያንብቡለት። ካልተዋጠለት ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል ያስታውሱት። ሥሩ ያው ወረደ ነው፣ ወርዶ የሄደውንም ሰው ተዋረደ ያለው የለም።