«ልጄ አባቷን ንቃዋለች»

ጥያቄ፦ የምኖረው ጣሊያን አገር ቦሎኛ ከተማ ነው። ከመጣሁ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ አንዲት አዛውንት እየተንከባከብኩ በባዳንቴነት እሠራለሁ። ባለቤቴ ደሴ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበር። በቤተሰብ ማገናኘት መጥቶ ከተቀላቀለን ሦስት ዓመቱ ሲሆን አሁን በጭነት መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ጣሊያንኛው ገና ነው። የ12 ዓመቷ ልጃችን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች፣ እኔ ሥራ ላይ ስሆን አባቷን ይዛ ኩዌስቱራም (የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የፖሊስ ቢሮ) ሐኪም ቤትም የምትሄደው እሷ ናት። ባለፈው ወር ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት አሻራ ሊሰጥ ሄደው፣ ሠራተኛዋ የጠየቀችውን ሁሉ አባቷን ሳትጠይቅ ራሷ መለሰች። ሠራተኛዋም «የቤቱ አለቃ አንቺ ነሽ ማለት ነው» ብላ ሳቀች። ባለቤቴ ቤት እንደገባ ጮኸባትና «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጣሊያንኛ አይነገርም» አለ። ከዚያ ወዲህ ልጄ እራቷን ዝም ብላ በልታ ክፍሏ ትገባለች። አባቷን ንቃዋለች። የትምህርት ቤት ማስታወሻዋን እንኳ የማይሆን ነገር ትሞላበታለች፤ እንዲያዩት አንዱን ገጽ ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ። አያቷ ዘንድ ደሴ ልላካት እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ይልቅ ብዙ የነገረኝ የላኩልኝ ፎቶ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በገጹ አናት ላይ የሒሳብ የቤት ሥራ፣ ገጽ 84፣ ከቁጥር 3 እስከ 7 ይላል። ከሥሩ በዚያው እስክሪብቶ የጋዝ ሒሳብ (ቦሌታ) የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን፣ ቀጥሎ የታናሽ ወንድሟ ክትባት፣ ከዚያ ደግሞ «ኩዌስቱራ 9:10፣ ፎቶ 4» ተጽፏል። ከ9:10 አጠገብ በቅንፍ ውስጥ፣ ፊደል ገና በምትለማመድ እጅ፣ በአማርኛ «ለአባዬ 3:10» የሚል አለ። ባለቤትዎ ሰዓት የሚቆጥሩት እስካሁን እንደ አገራችን መሆኑን ልጅዎ ልብ ብላለች፤ ቀጠሮው እንዳያልፋቸውም ሰዓቱን ወደ እሳቸው አቆጣጠር መልሳ ጽፋላቸዋለች። አባቷን የናቀች ልጅ ይህን አትጽፍም።

እኔ በዚህ ገጽ ላይ የማየው ንቀት ሳይሆን ድካም ነው። ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች በየስደት አገሩ አሉ፤ ሥራው ቀላል ሲሆንና ሲመሰገኑበት ብዙዎቹ ይኮሩበታል። የሚጎዳቸው ነገሩ ከዕድሜያቸው ሲከብድ ነው፤ ሕመም፣ ዕዳ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የመሳሰለው ጉዳይ በእነሱ አፍ ሲያልፍ፣ «ብሳሳት ቤተሰቤ ምን ይሆናል?» የሚል ፍርሃት ይዘው ይተኛሉ። ልጅዎ ያን ቀን አባቷን ሳትጠይቅ የመለሰችው የልደት ቀናቸውን፣ አድራሻቸውንና የሥራ ውላቸውን በቃሏ ስለምታውቀው፣ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳያጉረመርምም ቶሎ ጨርሳ ልታሳርፋቸው ስለፈለገች ይመስለኛል። የሳቀችው ደግሞ ሠራተኛዋ እንጂ እሷ አይደለችም።

የማዕድ ዝምታዋንም እንደ እምቢተኝነት አይዩባት። በትምህርት ቤት የዋለችበትን ነገር የምትናገርበት ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው፤ አማርኛዋ ለዚያ አይበቃት ይሆናል። ጣሊያንኛ አይነገርም ተባለች፤ ስለዚህ ዝም አለች። የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው። በዚህ ዕድሜ ክፍልን ዘግቶ መቀመጥ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ነገር ግን እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላት፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ካበዛች ለሕፃናት ሐኪሟ ይንገሩ።

አሁን ለእርስዎ የሚከብድ ነገር ልናገርና ይቅር ይበሉኝ። ይህን ሥራ ለልጅዎ የሰጧት አባቷ አይደሉም። እሳቸው ሲመጡ እሷ ሥራውን ለምዳው ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ሁለት ልጆች ብቻዎን ሲያሳድጉ ፖስታ ቤት ተራ ቁጥር የምትቆርጥልዎ፣ ቅጽ የምታነብልዎ እሷ ሳትሆን አትቀርም። በእርስዎ ቦታ የነበረች እናት ሁሉ ይህንኑ ታደርግ ነበር። ነገር ግን ያሸከማት ሰው ካላወረደላት፣ በገዛ ፈቃዷ አታወርደውም።

ስለ ባለቤትዎ ስጽፍ አዝናለሁ። ወደ ጣሊያን የተደረገው የእኛ ሰው ስደት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሌላው አገር የተለየ መልክ አለው፤ በሰው ቤት ሥራ ቀድማ የምትሄደው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት፤ ባል ከመጣም የሚመጣው በእሷ ወረቀት ነው። ክፍል ሙሉ ተማሪ ቆሞ ይቀበላቸው የነበሩ መምህር በአንድ ቀን ሚስታቸው ያስመጣቻቸው፣ ልጃቸው የምትናገርላቸው ሰው ሆኑ። ልጅቷም አባቷን እስከ ዘጠኝ ዓመቷ የምታውቀው ይበልጡን በስልክ ነው። የጮኹት በልጃቸው ላይ ቢሆንም ያቆሰላቸው በኩዌስቱራው መስኮት ፊት ድምፅ ማጣታቸው ነው። ስለዚህ «ልጄን አስከፋህብኝ» ብለው አይጀምሩ፤ ያን ማስታወሻ ከፍተው፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ ቅንፏን ያሳዩአቸው።

ከዚያ በኋላ ለልጃቸው አንድ ቃል ቢሏት መልካም ነው። በእኛ ቤት አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ ያልተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ «ያን ቀን የተናደድኩት በአንቺ አልነበረም» ማለት ግን ክብራቸውን አይነካም። ሌላም የሚሰጧት ነገር አላቸው። ገጽ 84 ላይ ያለው ሒሳብ ደሴም ቦሎኛም አንድ ነው። ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት አጠገቧ ተቀምጠው በአማርኛ ቢያስረዷት፣ እሷም በፈለገችው ቋንቋ ብትመልስ፣ አባቷ የሚያውቁ ሰው መሆናቸውን በዓይኗ ታያለች። በክልከላ የሚቆይ አማርኛ ቅጣት ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ባለ ወሬ ግን ሳይታወቅ ይገባል። መኪና፣ ቦርሳ፣ ጎማ፣ ካልሲ የምንላቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት እንደሆኑ ሲነግሯት የሚታየውን ፊቷን ባየሁ ብዬ ተመኘሁ።

የእሳቸውን ጣሊያንኛ ግን ልጅዎ አታስተምራቸው። ቺፒያ የሚባሉት የመንግሥት የጎልማሶች ትምህርት ማዕከላት ቋንቋውን ለስደተኞች ያስተምራሉ። ለረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ኤ2፣ ለዜግነት ደግሞ ቢ1 የሚባል የቋንቋ ችሎታ ደረጃ ስለሚጠየቅ ትምህርቱ ለወረቀታቸውም ይጠቅማል። የፈቃድ እድሳት ቅጹን ፓትሮናቶ የሚባለው፣ ሰዎችን በወረቀት ጉዳይ የሚረዳ ቢሮ ይሙላላችሁ። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ፣ ማለትም ሜዲያቶሬ ኩልቱራሌ፣ እንዲመደብ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሁልጊዜ ባይገኝም ሳይጠየቅ የሚመጣበት ጊዜ እምብዛም ነው። በአካል የሚያነጋግራችሁ ባለሙያ ከፈለጋችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ሕግ የተቋቋሙት ኮንሱልቶሪዮ ፋሚሊያሬ የሚባሉ የቤተሰብ ምክር ማዕከላት በየሠፈሩ አሉ።

ደሴ ስለመላክ የጠየቁኝን በግልጽ እመልሳለሁ፤ አይላኳት። ለእሷ የሚሰማት ቤተሰቧን ስላገለገለች እንደተባረረች ሆኖ ነው። በሕጉም በኩል አደጋ አለው። በ1992 (እ.ኤ.አ.) የዜግነት ሕግ መሠረት ጣሊያን የተወለደ የውጭ ዜጋ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አስታውቆ ዜጋ የሚሆነው እስከዚያ ዕድሜው ድረስ ያለማቋረጥ በሕጋዊነት ከኖረ ነው። ለክረምት ዕረፍት አያቷን ትይ፤ ከተቻለ ከአባቷ ጋር፣ እሳቸው መንገዱንም ቋንቋውንም በሚያውቁበት አገር።

እርስዎም በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ምናልባት የባዳንቴዎች ዕረፍት የሆነውን ሐሙስን፣ ለእሷ ብቻ ይስጧት፤ ገበያም ጉዳይም አይጨምሩበት። ያን ዕለት «እስከ ዛሬ ያገዝሽኝን አልረሳም፤ ከእንግዲህ ግን የእኔ ሥራ ነው» ይበሏት። የጋዙን ቀን፣ የክትባቱን ቀን፣ የኩዌስቱራውን ቀን ከማስታወሻዋ ወደ ራስዎ ስልክ ይገልብጡ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ ከአሠሪዎ ቤተሰብ ፈቃድ ጠይቀው ከባለቤትዎ ጋር እርስዎ ይሂዱ፤ በመስኮቱ ፊት የሚያውቁትን ያህል እሳቸው ይናገሩ፣ የጎደለውን እርስዎ ይሙሉላቸው። ልጅዎ በዚያ ጠዋት ትምህርት ቤት ትዋል።