መቀሱን ከማንሣታችሁ በፊት፦ ለወጣት አዋላጆችና ለሚወልዱ ሴቶች

ይድረስ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልዲያ፣ በከሚሴና በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆናችሁ ለምታድሩ ወጣት አዋላጆች፣ እንዲሁም የመጀመሪያ ልጃችሁን ለምትጠብቁ ሴቶችና ለባሎቻችሁ።

ልጆቼ፣ በወሎ ምድር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳዋልድ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕፃኑ ሲወጣ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ፣ በሙያችን ፔሪኒየም የምንለው፣ ስለሚደርስበት መቀደድና እኛ ራሳችን ኤፒዚዮቶሚ ብለን በመቀስ ስለምንቆርጠው ቁርጥ። እናቶች ይህን ነገር አፍ አውጥተው አይናገሩትም፤ እኛም ካርዱ ላይ በአንድ መስመር ጽፈን እናልፈዋለን። ሴቲቱ ግን ስትቀመጥ፣ ስትነሣ፣ ሽንት ቤት ስትገባና ከባሏ ጋር ስትተኛ ለወራት ትሸከመዋለች፤ ጥቂቶችም ዕድሜ ልካቸውን።

ሥራ በጀመርኩበት በ1970ዎቹ መጨረሻ የተማርነው የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ሁሉ ትቆረጥ የሚል ነበር። ቀጥ ብሎ በመቀስ የተቆረጠ ሥጋ ተበጣጥሶ ከተቀደደው ይልቅ በደንብ ይሰፋል፣ ቶሎ ይድናል፣ የፊንጢጣውንም ጡንቻ ከጉዳት ይጠብቃል ይሉን ነበር። ቁርጡን ፊልዲንግ ኡልድ የተባለ የደብሊን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1742 ሲጽፍበት ያሰበው ለችግር ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1920 ጆሴፍ ዲሊ የተባለ የቺካጎ ሐኪም ቀድሞ መቁረጥን እንደ መከላከያ ካቀረበ በኋላ ነገሩ በብዙ አገር ልማድ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በብራዚል ፎርታሌዛ በተደረገው ስብሰባ ሁሉንም ሴት መቁረጥ ተገቢ እንዳልሆነ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የአርጀንቲና ጥናት ደግሞ ከ2,600 በላይ ሴቶችን በሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን በልማድ፣ ሌላውን በምክንያት ብቻ እየቆረጠ አወዳደረ። በመጀመሪያው ወገን ከ100 ሴቶች 83 ያህሉ፣ በሁለተኛው 30 ያህሉ ተቆረጡ፤ ሆኖም ብዙ በተቆረጠበት ወገን ከባድ መቀደድ አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የምጥ እንክብካቤ መመሪያም በራሷ ምጥ የምትወልድን ሴት በልማድ መቁረጥ እንደማይመከር በግልጽ ያስቀምጣል። እኔ ይህን ከመረዳቴ በፊት ያለ በቂ ምክንያት የቆረጥኳቸውን ሴቶች ቁጥር አላውቀውም፤ ፊታቸው ግን አንዳንድ ሌሊት ይመጣብኛል።

አንዲቱን በተለይ አልረሳትም። ከደጋ ቀበሌ የቅሬ (የዕድር) ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው በሌሊት ያመጧት፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ገና ልጅ እግር ነበረች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ፋኖስ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ሳልነግራት ቆረጥኳት፤ ልጁ በደህና ወጣ፤ እኔም ጡንቻውንና ቆዳውን ሰፍቼ፣ ደሙ መቆሙን አይቼ፣ ጓንቴን አወለቅሁ። በፊንጢጣዋ ጣቴን አስገብቼ ግን አልመረመርኳትም። ከአምስት ወር በኋላ ከእናቷ ጋር መጣች። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥ ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ደጋግማ ጠምጥማ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። የተናገረችው እናቷ ናት። «ነፋሱንም የቀጠነውንም መያዝ አቃታት፤ ጎረቤት ቡና ሲጠራት አቦሉን እንኳ ሳትጠጣ ተነሥታ ትወጣለች፤ አሁንማ መሄዱንም ትታዋለች» አለችኝ። ስመረምራት የፊንጢጣዋ ጡንቻ ተበጥሶ ነበር፤ የእኔ ቁርጥ ወደ ውስጥ ተቀድዶ ጡንቻው ድረስ ደርሷል፣ እኔ ደግሞ ላዩን ሰፍቼ ሸኝቻታለሁ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልካ በቀዶ ጥገና ተሠራላት፤ ብዙው ተሻላት፣ ሁሉም ግን አልተመለሰም። ጥፋቱ የመብራቱ አልነበረም። ፋኖሱን ዝቅ አድርጊልኝ ብዬ አንድ ደቂቃ ብጨምር አየው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምለምናችሁ ማየትን ነው። የተቆረጠችም ሆነች ያልተቆረጠች፣ ደም የበዛባትም ሆነ ያልበዛባት ሴት፣ ከወለደች በኋላ በጥሩ ብርሃን ሳትታይና ፈቃዷ ተጠይቆ በፊንጢጣ በኩል በጣት ሳትመረመር ከአልጋው አትውረድ። የመጀመሪያ ደረጃ መቀደድ ቆዳውንና የብልቱን ስስ ሽፋን ብቻ የነካ ነው፤ ደም ካላፈሰሰና ጠርዞቹ ከገጠሙ ሳይሰፋም ሊድን ይችላል። ሁለተኛው ወደ ጡንቻው የገባ ነው፤ ኤፒዚዮቶሚ ብለን የምንቆርጠውም ጥልቀቱ ከዚህ ጋር እኩል ነው፤ ማለትም የቆረጥናት ሴት ሁሉ ከሁለተኛ ደረጃ ጉዳት ትጀምራለች። ሦስተኛው የፊንጢጣን መያዣ ጡንቻ የነካ ሲሆን፣ አራተኛው ያንን አልፎ የፊንጢጣውን የውስጥ ሽፋን የከፈተ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ የሆነን ጉዳት በማዋለጃ አልጋ ላይ በጥድፊያ ልስፋው አትበሉ። በቀዶ ጥገና ክፍል፣ በበቂ ማደንዘዣ፣ በሠለጠነ እጅ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ያስፈልገዋል። የሚያፈሰውን በጎዝ አፍናችሁ፣ የደም ግፊቷን እየለካችሁ በአምቡላንስ ላኳት፤ ከእናንተ አንዱ አብሯት ይሂድ። መላክ ሽንፈት የሚመስለው ወጣት ብዙ አጋጥሞኛል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

መቀደድን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን በብልት ከሚወልዱት አብዛኞቹ በመጠኑም ቢሆን ይቀደዳሉ። ከባዱን መቀነስ ግን በእጃችን ነው፤ ዋናው መድኃኒቱም አለመቸኮል ነው። «ግፊ! ግፊ!» እያልን በጩኸት የምናስወጣው ጭንቅላት ሥጋው ሳይለጠጥ በአንድ ጊዜ ይፈነቅለዋል። ራሷ ስትፈልግ ትግፋ፤ ጭንቅላቱ ብቅ ብሎ ወደ ውስጥ መመለሱን ባቆመ ጊዜ ደግሞ መግፋቱን ተይው በሏት፣ አፏን ከፍታ በአጭር በአጭሩ ትተንፍስ። አንደኛው እጃችሁ የሕፃኑን አናት በዝግታ እየያዘ፣ ሌላው በንጹሕ ጨርቅ ፔሪኒየሙን ይደግፍ። በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ በመግፊያው ጊዜ ሥጋው ላይ ማድረግ ከባዱን መቀደድ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል፤ ጨርቁን መጀመሪያ በራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩት እንጂ እንዳታቃጥሏት። ይህን ለማድረግ ማንቆርቆሪያና ጨርቅ ይበቃል፤ ማንቆርቆሪያ የሌለው የማዋለጃ ክፍል ደግሞ በወሎ አላውቅም።

እናቶቻችን በየቤታቸው ተንበርክከው፣ ከኋላ በሌላ ሴት ተደግፈው ይወልዱ ነበር። እኛ ሐኪም ቤት አምጥተን በጀርባቸው አስተኝተን እግራቸውን ሰቀልናቸው፤ ይህ ለእኛ ዓይን ይመቻል እንጂ ለእነርሱ ላይመች ይችላል። በጎኗ ልተኛ ወይም ልንበርከክ ካለች፣ ሕፃኑም እናቲቱም ደህና እስከሆኑ ድረስ አትከልክሏት። አንዷ ማርያምን፣ ሌላዋ አላህን እየጠራች ስታምጥ «አብሽሪ፣ ደርሰሻል» የሚላት ሰው አጠገቧ ካለ ሰውነቷ ይላላል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

መቁረጥ የሚገባበት ጊዜ የለም እያልኩ ግን አይደለም። የሕፃኑ የልብ ምት ወርዶ አልመለስ ሲል፣ በመሣሪያ ተስቦ የሚወጣ ሲሆን፣ ትከሻው ተይዞ እጃችንን ለማስገባት ቦታ ሲጠበን፣ ወይም የቀድሞ ጠባሳ ሥጋውን አላላላ ሲለው፣ ያን ጊዜ መቀሱ ሕይወት ያድናል፤ ያን ጊዜ መፍራትም ጥፋት ነው። ስትቆርጡ ንገሯት። «ልጅሽ ስለደከመ ቶሎ እንዲወጣ ትንሽ መክፈት አለብኝ፤ አደንዝዤ ነው፤ ትፈቅጂልኛለሽ?» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ማደንዘዣውን እየቀዳችሁ የሚያልፍ ነው። ሊዶካይኑን ከወጋችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ በመቆንጠጫ ነክታችሁ ሞክሩ፤ ከተሰማት ሌላ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። በምጥ ላይ ያለች ሴት መቀሱ አይሰማትም የሚለውን አትመኑ፤ እንደሚሰማት ብዙ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ነግረውኛል። ፔሪኒየሙ ሳስቶ፣ በምጡ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጭንቅላት ሲታይ እንጂ ቀድማችሁ አትቁረጡ፤ ቀድሞ የተቆረጠ ብዙ ይደማል። ወደ ታች በቀጥታ አትቁረጡ፤ በቀጥታ የወረደ ቁርጥ ወደ ፊንጢጣው ጡንቻ መንገድ ይጠርጋል። ከመሐል መስመሩ 60 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ይሁን፤ ሥጋው በጭንቅላቱ ተወጥሮ ስለሚታይ ለዓይን በቂ የሚመስለው ማዕዘን ከተሰፋ በኋላ ጠቦ ይገኛልና። ስፌቱን ከቁስሉ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ጀምሩ፣ ወደ ላይ የሸሸ የደም ሥር እንዳይቀር፤ ስትጨርሱ ጎዙንና መርፌውን ቆጥሩ፣ በፊንጢጣም እንደገና መርምሩ።

ባቲ አካባቢ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከአፋር በኩል ከሚመጡ እናቶች መካከል ብልታቸው የተሰፋ አሉ፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው የተሰፋውን ከፊት በኩል መክፈት እንጂ ወደ ጎን ደጋግሞ መቁረጥ አይደለም። ከወለደች በኋላ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ አስተካክላችሁ ስፉ፤ ቤተሰብ ቢለምናችሁም መልሳችሁ አትዝጉት። ግርዛትም ሆነ የብልት መስፋት በአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 የተከለከለ ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲያደርገው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል።

አሁን ለወላጆቹ። ቤት ስትገቡ ቁስሉን በየቀኑ በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ታጠቡ፣ ከፊት ወደ ኋላ፤ መጥረጊያውንም ጨርቅ ለብቻው ያዙ፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ስፌቱ እንዳይተረተር ፈርታችሁ ዓይነ ምድር አትያዙ፤ ተልባ ጠጡ፣ ውኃ አብዙ፣ ጎመን ብሉ፤ ገንፎና ቅቤ ብቻውን ያደርቃል። የወይባ ጭስ የሚወደድ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ቁስሉ ሳይጠግግ ጭሱ ላይ አትቀመጡ። ክርስቲያኗ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን፣ ሙስሊሟም 40 ቀን የሚቆዩበት ልማድ ለቁስሉ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ባሎች ይህን ቀን አክብሩ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላም ካመማት ታገሡ፣ ወደ ሐኪም ቤትም አብራችኋት ሂዱ። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የተከፈተ ስፌት፣ ወይም ነፋስና ሰገራ መያዝ አለመቻል ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሰገራ መያዝ አለመቻል እርግማን አይደለም፤ የፊንጢጣው መያዣ ጡንቻ መጎዳት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ይታከማል።

አዋላጆቼ፣ እናቶቹ በስድስተኛው ሳምንት ሲመጡ ሕፃኑን መዝናችሁ፣ ክትባቱን አይታችሁ ብቻ አትሸኟቸው። «ያምሻል?» ብትሏት «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላችኋለች። እኔ ያቺ ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ከቆመችበት ቀን ወዲህ ጥያቄዬን ቀይሬዋለሁ። ከጡረታዬ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አንዲት ሳቂታ አራስ ልጇን ለክትባት አምጥታ ልትወጣ ስትል «ቡና ላይ እስከ በረካ ትቀመጫለሽ?» አልኳት። ሳቋን አቆመችና «ኧረ እማማ፣ ቶናው ሳይመጣ ነው የምነሣው» አለችኝ። በሩን ዘጋሁና አልጋ ላይ አስተኝቼ አየኋት።