ወጣቶቹን ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት

ሰላም ለቤቱ። እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የወጣቶች ኅብረታችሁ በትልቅ ከተማ መሃል፣ ድህነትና ሱስ ባጠቃው ሰፈር ካለች ትንሽ አጥቢያ ጋር ለአንድ ሳምንት ሊያገለግል ነው፤ ምን እናዘጋጅ፣ የሄዳችሁስ ምን ተማራችሁ ነው ያልሽው። እኔ ወጣቶችን ይዤ ወጥቻለሁ፤ እንዲህ ያሉ ቡድኖችን በምትቀበል አጥቢያም ለዓመታት አገልግያለሁ። አብዛኛውን የተማርኩት በተቀባይነቱ ወገን ስለሆነ ከዚያ በኩል እጽፍልሻለሁ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ዝግጅቱን ከድራማና ከቲሸርት አትጀምሩ። መጀመሪያ ለመጋቢው ደውዪና “እኛ ባንመጣ በዚያ ሳምንት ምን ትሠሩ ነበር?” ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚሰጡሽ መልስ ፕሮግራማችሁ ነው። ማክሰኞ ጸሎት ካላቸው ማክሰኞ አብራችሁ ትጸልያላችሁ፤ ሐሙስ ልጆች የሚያስጠኑ ከሆነ ሐሙስ አብራችሁ ታስጠናላችሁ። “ምን እንርዳችሁ?” ብለሽ ከጠየቅሽ ግን እንግዳ ማሳፈር ስለማይፈልጉ ሥራ ይፈጥሩላችኋል። እኛ ጋ ቡድን በመጣ ቁጥር የሚቀባ አንድ ኮሪደር ነበር። ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሳ በሩ አልዘጋ እያለ፣ ቡድኑ ከተሸኘ በኋላ አንድ ሽማግሌ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ይፍቁ ነበር። ጣሪያው ደግሞ ያፈስ ነበር። ጣሪያ ግን ባለሙያና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ለፎቶም አይመችም።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ከላይ “የጉዞውን ወጪ በቀጥታ ብትልኩላቸው አይሻልም ወይ?” ብሎ ጽፏል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኢቫን ኢሊች የተባሉ የካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ሜክሲኮ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሊሄዱ የተሰናዱ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ለማየትና ለመማር ከሆነ ሂዱ፣ ለመርዳት ብላችሁ ግን አትሂዱ ብለዋቸዋል። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ ወንድማማችነት በባንክ ብቻ አይላክም። ግን ለጣሪያው የሚሆን ነገር ሳትይዙ ለጉዞው ብቻ ገንዘብ የምታሰባስቡ ከሆነ ወንድማችን ልክ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ልጆቹ። በሁለተኛው ቀን አንገታችሁ ላይ ይጠመጠማሉ፣ በመጨረሻው ቀን ያለቅሳሉ፤ የእናንተም ወጣቶች እያለቀሱ “ተመልሰን እንመጣለን” ይላሉ። እኛ ጋ አንድ ልጅ ነበር፤ አዲስ ቡድን ከመኪና ሲወርድ በሩ ላይ ቆሞ ፊታቸውን አንድ በአንድ ያያል። ያለፈውን ሰው ሲያጣ ምንም አይልም፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሁሉም ኋላ ይቀመጣል። ብዙዎቹ እኮ ከቤታቸውም ሰው የተለያቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉም ወጣት ይስማማ፦ የማንፈጽመውን ቃል አንገባም። መድረኩ ላይ የሰፈሩ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ትቁም፤ የእናንተ ልጆች ወረቀት ያድሉ፣ ከለር ያቅርቡ፣ ትንንሾቹን ይያዙ። እናንተ ስትሄዱ ልጆቹ ስሟን የሚጠሩት በሚቀጥለው እሁድም የሚያገኟትን ሰው ይሁን። ወጣቶችሽ መጀመሪያ ላይ ያኮርፋሉ፤ ድራማ ተለማምደው መጥተው ወረቀት ማደል አይዋጥላቸውም። ያልፋል።

ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሳ፣ ማንም አዋቂ ከልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፣ አጥቢያው የልጆች ጥበቃ ደንብ ካለው ሁላችሁም ቀድማችሁ አንብባችሁ ፈርሙ። ስለ ደኅንነት ወላጆች አብዝተው ይጠይቁሻል፤ የሰፈሩ ሰው ሳይኖር አትውጡ፣ ሲመሽ ግቡ፣ ከዚህ የዘለለ ብዙም የለውም።

ወንጌል ስርጭትን በተመለከተ፣ “ይህን ያህል ሰው ጌታን ተቀበለ” የሚል ሪፖርት ለመጻፍ አትቸኩሉ። እጃቸውን ከሚያነሱት ልጆች አንዳንዶቹ በየዓመቱ የሚያነሱ ናቸው፤ እንግዳ ደስ እንዲለው ያውቁበታል። ስማቸውን ይዞ ሰኞ ቤታቸው የሚሄድ ማን ነው? የአጥቢያው ሰው ከሌለበት አትቁጠሩ። ደግሞም በዚያ ሰፈር ጌታን የሚያውቅ የለም ብላችሁ አትግቡ። ይዣት የወጣሁ አንዲት ልጅ፣ መንገድ ዳር ለተቀመጡ እናት “ልጸልይልዎት?” አለቻቸው። እሺ ብለው እጇን ያዙና፣ እሷ ጨርሳ አሜን ስትል እሳቸው ጀመሩ። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ እናቷ፣ ስለሚመጣው ትዳሯ ሳይቀር ጸለዩላት። ያኔ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በምዕራፍ አንድ፣ እናንተም በእኔ፣ እኔም በእናንተ እምነት እንድንጽናና ያለው ምን ማለት እንደሆነ ለወጣቶቹ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር አጥኑ። አንዱ ሉቃስ 10 ነው፤ ሰባዎቹ ከረጢት ሳይዙ ይሄዳሉ፣ በገቡበት ቤት ይቀመጣሉ፣ ያቀረቡላቸውን ይበላሉ። የተላኩት እንግዳ ሆነው ነው። ሌላው ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የታገሉት አገልጋይ የጆን ፐርኪንስ ሕይወት ነው። ሚሲሲፒ ተወልደው ካሊፎርኒያ ኑሯቸው ከተደላደለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደዚያው ድሃ ገጠር ተመለሱ፤ በ1970 እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተደብድበዋል፣ ግን ሥራውን አልተዉም። በ1989 ከሌሎች ጋር የመሠረቱት የክርስቲያን ማኅበረሰብ ልማት ማኅበር የመጀመሪያ መርሑ የሚያገለግሉት ሕዝብ መሃል መኖር ነው። ወጣቶችሽ ይህን ካወቁ፣ ሳምንታቸው ከመጋቢው ዓመታት አጠገብ ምን ያህል እንደሆነ ራሳቸው ይመዝኑታል።

ስትመለሱ ምስክርነት ለመስጠት እሁዱኑ መድረክ አትውጡ። ማርቆስ 6 ላይ ሐዋርያቱ ተመልሰው ያደረጉትን ሲነግሩት ጌታ መጀመሪያ ያላቸው ጥቂት እረፉ ነው። ተኙ፣ ከዚያ ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ የከበዳችሁንም ተነጋገሩ፤ ተናድዶ የተመለሰም ይኖራል፣ ይናገር። ለመጋቢውም ከወር በኋላ ደውዪ፤ እኛ ጋ የሚደውል ቡድን እምብዛም ስላልነበረ የደወሉትን እስካሁን አስታውሳቸዋለሁ።

መጋቢው ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልን፣ ፕሮግራሙን አብረን እናየዋለን።